በላያችን የሚፈሰው ኮረንት

በልጅነቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የተበላሸ ሬዲዮ ያገኘ ልጅ ሀብታም ነበር። ድምፅ ማጉያውን ፈልቅቆ ማግኔቱን ያወጣና በክር አስሮ አፈር ላይ ይጎትተዋል፤ ጥቁር የብረት ብናኝ እንደ ጢም ይበቅልበታል። ኋላ አንድ የሳይንስ አስተማሪያችን ኮምፓስ አምጥተው፣ አጠገቡ ሽቦ ዘርግተው፣ በባትሪ ድንጋይ ኮረንት ለቀቁበት። ሽቦው ሳይነካት መርፌዋ ዞር አለች። «ኮረንት ያለበት ሽቦም እንደ ማግኔት በዙሪያው የመግነጢስ መስክ አለው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1820 ለዓለም ያሳወቀው ኧርስትድ የተባለ የዴንማርክ ሰው ነው» አሉን። እኛም የዴንማርክ ጉዳይ ነው ብለን ደብተራችንን ዘጋን።

እኔ ወደ ሥነ ጽሑፍ አዘነበልኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የፈረንሳዊውን የአንቷን ዳባዲን ስም ስንቴ እንዳነሳሁ እንጃ። ወንድሙ አርኖ በጎጃሙ ገዥ በደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ባለሟል ሆኖ ሲኖር፣ አንቷን እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 ባለው ጊዜ አገራችንን ዞረ፤ ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፤ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ነግሬያለሁ። ያልነገርኳቸው፣ ሰውዬው እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ብራዚል ልኮት የማግኔት መርፌን የየዕለት እንቅስቃሴ ሲከታተል እንደነበር ነው። በብራዚልና በኢትዮጵያ ያደረጋቸውን የምድር ፊዚክስ ምልከታዎችም በ1873 በመጽሐፍ አውጥቷል። ብራናው ፓሪስ ቀረ ብለን እናዝናለን። ታዲያ ቁጥሩስ? እኔ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

ብጠይቅ ኖሮ የሚከተለውን ቀድሜ በተማርኩ። አውሮፓ ውስጥ በነፃ የተንጠለጠለች የማግኔት መርፌ አፍንጫዋን ወደ ምድር ትደፋለች። በመግነጢስ ወገብ ላይ ግን ጋደም ትላለች። የምድር ወገብ በኬንያ ሲያልፍ ይህኛው ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ነው፤ ከአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም። ከመስመሩ በላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የፀሐይ ጨረር አየሩን ኮረንት አስተላላፊ ያደርገዋል። ቀን ቀን ብርቱ ኮረንት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1951 ሲድኒ ቻፕማን «ኤሌክትሮጄት» አለው። ስፋቱ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ደብረ ማርቆስም ከሥሩ ናት። እኩለ ቀን ሲቃረብ ምድር ላይ ያለው የመግነጢስ መስክ ይበረታል፤ ሲመሽ ይረግባል። ለካስ ያ የክፍላችን ሽቦ በላያችን ተዘርግቶ ኖሯል!

የአዲስ አበባው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1957–58 በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ በፒየር ጉዊን መሪነት ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው የመግነጢስ ወገብ ቅርበት ነበር።

በጎጃም አድባራት ከቅኔው ጎን ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥሩ ሊቃውንት ነበሩን። ፊደልንና ቁጥርን ያጣላናቸው እኛ የዘመናዊ ትምህርት ሰዎች ነን። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፓስና ሽቦ ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር ካለ፣ ሲጨርስ ልጆቹን ደጅ አውጥቶ ወደ ላይ እንዲያሳያቸው እለምነዋለሁ። የዳባዲን ስም የሚያነሳ የሥነ ጽሑፍ መምህርም፣ እንደ እኔ፣ ቁጥሩን አይዝለል።