ዱካክ ነው ብለሽ አማትቢ

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ በእኛ አፍ ኪውሲ። ጠዋት ሰርቪስ ላይ ከሚወራው ግማሹ የቤት ኪራይ ነው፣ ግማሹ ሕልም። አንዷ «ሕልም አይቼ አደርኩ» ካለች ያንቀላፋችውም ትነቃለች። ገና ወሬውን ሳትጀምር «ደግ ነው በይ» ትባላለች። ጥርሷ ወልቆ ከሆነ ዘመድ ሊሞትባት ነው። ሠርግ ካየች ለቅሶ። ዓይነ ምድር ከረገጠች ብር ልታገኝ ነው፤ የደመወዝ ቀን ሲቃረብ ይህ ሕልም ለምን እንደሚበዛ እኔ አልናገርም። ከገደል ስትወድቅ ያደረችውን ደግሞ «ገና እያደግሽ ነው» ይሏታል፣ ሁለት ልጅ ወልዳም ቢሆን።

ፓርኩ የገበሬ እርሻ በነበረ መሬት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ሲጀምር፣ 20ዎቹን ሼዶች የሞሉት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ሕልም ፍቺውም አብሮን መጣ። ሳይለወጥ ግን አልቀረም። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ተጠቃሚነት ስትወጣ ስፌቱ ሁሉ ወደ አሜሪካ ገበያ የሚሄድ ሰው ልቡ ተሰቀለ፤ በእኛ ሰርቪስም የወለቀ ጥርስ ዘመድ መሆኑ ቀረና ከሥራ የምትቀነስ ጓደኛ ሆነ።

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ስለሚባል ለተገኘው ሁሉ አይነገርም። የዚህ ልማድ ሥር ሩቅ ነው። የፈርዖንን ላሞች የፈታው ዮሴፍና የናቡከደነፆርን ምስል የፈታው ዳንኤል ከልጅነት ጀምሮ የምናውቃቸው ናቸው። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአክሱሙ ይስሐቅና በባልደረቦቹ ወደ ግእዝ የተመለሰው ክብረ ነገሥትም ትልቁን ጉዳይ በሕልም ነው የሚያስጀምረው፤ ሰሎሞን ከንግሥቲቱ ጋር ባደረበት ሌሊት፣ በእስራኤል ላይ ታበራ የነበረች ፀሐይ ወደ ኢትዮጵያ ስትሄድ አየ። የቅዱስ ላሊበላ ገድልም ንጉሡ ወደ ሰማይ ተወስዶ የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት እንዳየ ይተርካል። በእነዚህ ሁሉ ሰውየው ይታየዋል እንጂ ባየው ነገር ላይ እጁን አያስገባም። ሥራው የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ጌታውም ሕልመኛው ሳይሆን ፈቺው ነው።

እንግዲህ በአሁኑ ጊዜ ሰዎች በልምምድ የሚማሩት ነገር አለ፤ ሕልም ውስጥ እያሉ «ይህ ሕልም ነው» ብሎ ማወቅ፣ ሲበረታም የሕልሙን መንገድ መምረጥ። ይህ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር ነው የሚለኝን ሰው አልቀበለውም። አያቴ እማሆይ፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ፊደል ሳትቆጥር የኖረች ሴት፣ እኩሌታውን አስተምራኛለች።

ያስተማረችኝ በዱካክ ነው። ዱካክ የያዘው ሰው ያውቀዋል፤ ዓይን ክፍሉን ያያል፣ እጅ አይነሣም፣ ድምፅ አይወጣም፣ ደረት ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል፣ አንዳንዴም በሩ ጋ የቆመ ሰው አለ። እማሆይ ትለኝ የነበረው አጭር ነው፦ «አትታገይው። ዱካክ ነው ብለሽ በልብሽ አማትቢ።» እጄ ስለማይታዘዘኝ በልቤ ነው የማማትበው። አንድ ጣት እስኪነቃነቅ ድረስ እዚያው ጣት ላይ ማሰብ ነበረብኝ። ጣቱ ከተነቃነቀ ዱካኩ ይለቃል።

ሳይንሱ የሚለው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ቺካጎ ላይ አሰሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በእንቅልፍ ውስጥ ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚሮጥበት ጊዜ እንዳለ አሳተሙ። ደማቅ ሕልም የሚበዛው ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት ሕልሙን በአካል እንዳንሠራው ጡንቻችን ይፈታል። አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ ጡንቻው ገና ከሆነ፣ የሕልሙ ቅሪት ክፍሉ ውስጥ ይቆማል፤ ዱካክ ይኸው ነው። ጫት ቃሚዎች ሲያቋርጡ የሚያስፈራራቸውንም ሌሊት በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ሐኪሞችም በጥናታቸው ስሙን እንዳለ ወስደውታል። አያቴ ያስተማረችኝ ታዲያ ምንድን ነው? በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ ያለሁበትን ሁኔታ ለይቼ ማወቅ። ለፍርሃት ብላ ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው።

በሌላውም ዓለም ነገሩ የቆየ ነው። አርስጣጣሊስ፣ ተኝተን ሳለ የምናየው ሕልም መሆኑን በውስጣችን የሚነግረን ነገር ብዙ ጊዜ እንዳለ ጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን የእኛው አህጉር ታሪክ ነው። አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጻፈው ደብዳቤ ጌናዲዮስ የሚባል የካርታጎ ሐኪም ያነሣል። ሐኪሙ ከሞት በኋላ ሕይወት መኖሩን ይጠራጠር ነበር። በሕልሙ አንድ ወጣት መጥቶ አሁን ሥጋህ የት ነው ይለዋል፤ አልጋዬ ላይ ይላል። ዓይንህ ተከድኖ ሥራ መፍታቱንስ ታውቃለህ ሲለው አወቀ። ታዲያ እኔን በምን ዓይን ታየኛለህ ሲለው መልስ አጣ። አውግስጢኖስ ይህን ያመጣው ስለ ነፍስ ሊያስረዳ ነው፤ እኔ ግን ተኝቶ መተኛቱን ያወቀ አንድ ሐኪም አይበታለሁ።

ቲቤቶች ይህን የጸሎት ሥርዓት አድርገው ለዘመናት ሲያሠለጥኑበት ኖረዋል። አውሮፓ ዘግይታ መጣች፤ ፈረንሳዊው ኤርቬ ደ ሳን ዴኒ ሕልሙን እየመዘገበ መለማመዱን የተረከበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1867 አሳተመ። ብዙ ሊቅ ግን አላመነም፤ የተኛ ሰው እንዴት መስካሪ ይሆናል? መልሱ ከዚያችው ከምትሮጠው ዓይን መጣ። ሌላው አካል ቢፈታም ዓይን ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1975 እንግሊዝ አገር አለን ዎርስሊ የሚባል ሰው፣ ከተመራማሪው ከኪት ኸርን መሣሪያ ጋር ተያይዞ ተኝቶ፣ ሕልም ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ በቀጠሯቸው መሠረት ዓይኑን ግራና ቀኝ ደጋግሞ አንቀሳቀሰ። መሣሪያው መዘገበው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በስታንፎርድ ስቲቨን ላበርዥ ይህንኑ አረጋገጠ፤ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ መሆኑንም ጻፈ።

ልምምዱ ውስብስብ አይደለም። ደማቁ ሕልም የሚበዛው ወደ ንጋት ስለሆነ፣ አምስት ሰዓት ያህል ተኝቶ መነሣት፣ ያዩትን ማስታወስ፣ «አሁን ሳልም ሕልም መሆኑን አውቃለሁ» እያሉ መልሶ መተኛት። ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ቄስ ነው። ፍትሐ ነገሥት ከሚያዝዛቸው ሰባት የጸሎት ጊዜያት አንዱ መኝታ፣ አንዱ መንፈቀ ሌሊት ነው፤ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሰዓታትም የሚቆመው ሌሊት ነው። አባቴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ፣ ጸልዮ፣ አገልግሎት በሌለበት ቀን መልሶ ጋደም ይላል። ሕልሙን ከቤተሰቡ ሁሉ አጥርቶ የሚያስታውስ እሱ ነበር። እኛ ከቅድስናው ነው እንል ነበር፤ ከቅድስናውም ሊሆን ይችላል፣ የእንቅልፉ አከፋፈል ግን የረዳው ይመስለኛል።

ሌላው ልምምድ ቀን የሚሠራ ነው፤ ጽሑፍን ሁለት ጊዜ ማንበብ። በሕልም ጽሑፍ ቦታው አይረጋም፤ ዞር ብለው ሲመለሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ለእኔ ይህ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሥራ ነው። የእያንዳንዱን ሸሚዝ አንገት ገልጬ የመጠን ሌብሉን አያለሁ፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያያለሁ፣ ተመልሼ አያለሁ። የስፌት ላይኑ ላይ የዋለ ሰው ሌሊትም ላይኑ ላይ ነው የሚያድረው። አንድ ሌሊት ሚዲየም የሚል ሌብል ገልጬ አየሁ፤ ሁለተኛ ሳየው የኪራይ ቤታችን ቁጥር ሆኗል። ሕልም ነው አልኩ። መጀመሪያ ደስታው ሊያነቃኝ ነበር። ከዚያ የዕለቱን ታርጌት እንዳለ ትቼ ከሼዱ ወጣሁ፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲጠራኝ ዞርም አላልኩ።

መሞከር የምትፈልጉ እህቶቼ፣ በሥራ ቀን እንቅልፋችሁን እንዳትቆርጡ። ያልተኛች ኦፕሬተር መርፌ ጣቷን ይወጋታል። ቅዳሜ ማታ ይሻላል፤ እሑድ ንጋት ላይ ተነሥታችሁ ጸልያችሁ ወይም ውኃ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ዱካክ ከመጣም አትታገሉት፤ በስሙ ጥሩትና አንድ ጣት ላይ አስቡ። የሚደጋገምባችሁ ከሆነ ወይም ሌሊቱ ፍርሃት ብቻ ከሆነባችሁ ልምምዱን ተዉና ሐኪም አማክሩ።