ላብ ችፍ ያለበት ግንባር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአጣና ተራ ወረድ ብሎ ካለ አንድ ግቢ ነው ነገሩ። እናቲቱን ስም አልሰጣትም፤ በየሰፈሩ አለችና።

ወሩ ሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። እሷ ግን የሦስት ወር ልጇን እያጠባች ግንባሩን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ጠረገችው፤ መልሶ ችፍ አለ። ልጁ ሁለቴ ይስብና ጡቱን ይተዋል፣ ያለከልካል፣ ደግሞ ይጎርሳል።

«ልብስ አብዝተሽበት ነው» አለች ጎረቤት።

አያቱ እጃቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ። ከመዳፋቸው ሥር እንደምታንኮራፋ ድመት የሚንዘረዘር ነገር አለ። «ልጄ፣ ይሄ የልብስ ነገር አይደለም» አሉ። «ነገ በጠዋት ሐኪም ይየው።»

ነገሩ የልብ ነው። በታችኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ሲኖር፣ ወደ ሰውነት መሄድ የነበረበት ደም ወደ ሳንባ ይሾልካል። ትንሹ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በራሱ ይደፈናል። ትልቁ ግን ልብን ያለ እረፍት ያሠራዋል፤ ለዚያ ሕፃን መጥባት ዳገት መውጣት ነው፣ ላቡም የዚያ ነው። ጡንቻው ይለጠጣል፣ ውሎ አድሮም ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ። የተላጠ ቆዳ ይተካል፤ የልብ ጡንቻ ግን በቀላሉ አይተካም። በ2009 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ አየር ላይ የበተነውን ካርቦን ተከትለው ሲለኩ፣ የ25 ዓመት ወጣት እንኳ በዓመት የሚተካው ከመቶ 1 ገደማ ሆኖ ተገኘ። በሞተው ቦታ የሚቀረው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደም አይገፋም።

በዚያው ዓመት፣ በእኛ 2001 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ልጆቻችን ለቀዶ ሕክምና ባሕር ማዶ ነበር የሚላኩት። ልብ ተከፍቶ ሲጠገን፣ ፖታሲየም የበዛበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይሰጠውና መምታቱን ያቆማል፤ ሥራ የፈታ የቀዘቀዘ ጡንቻ ኦክስጅን ብዙ አይፈልግምና ከሞት ይተርፋል። ቀዳዳው ይደፈናል፣ ልብም ተመልሶ ይመታል።

እናንተም ዛሬ ማታ ልጃችሁ ሲጠባ ግንባሩን ዳስሱት። በብርድ ካላበው፣ እያረፈ ከጠባ፣ ኪሎው አልጨምር ካለ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ደረቱ ይደመጥ።