የአሮጌ ማንዶሊን ዋጋ ከየት ይመጣል?

በ1940ዎቹ የኬንታኪው ተወላጅ ሙዚቀኛ ቢል ሞንሮ ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት ለሽያጭ የተቀመጠ ማንዶሊን አየና 150 ዶላር ከፍሎ ይዞት ሄደ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሞንሮ በዚያ ማንዶሊን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተጫወተ፤ ዓለምም ዛሬ ብሉግራስ የሚባለውን የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ በዚሁ መሣሪያ ድምፅ አወቀው። በ1985 የሞንሮን ቤት ሰብሮ የገባ ሰው ማንዶሊኑን በእሳት መቆስቆሻ ብረት ቀጥቅጦ ፈረፈረው። የማንዶሊኑ አምራች የሆነው የጊብሰን ኩባንያ ባለሙያ ስንጥሩን እየለቀመ፣ አንዱን ካንዱ እያጣበቀ ከለፋበት በኋላ ዳግም ድምፅ አወጣ። በ2005 ናሽቪል የሚገኘው የካንትሪ ሙዚቃ ሙዚየም ሲረከበው የወጣበት ገንዘብ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ የሚገምቱ ሰዎች የመጀመሪያ ሕጋቸው ያልተነካካው ይበልጣል የሚል ነው። የሞንሮ ማንዶሊን ግን ያልደረሰበት የለም። መሰባበሩ ሳያንስ፣ ባለቤቱ ራሱ በአንድ ወቅት ከኩባንያው ተቀያይሞ የጊብሰንን ስም ከራስጌው ላይ ፍቆ አጥፍቶት ነበር። ይህን ሁሉ ጉዳት የሸፈነው ታሪኩ ነው፤ መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንደፈረመበት፣ ማን እንደተጫወተበት ያለ ጥርጥር ይታወቃል። እኔ የምከራከርለትም ይኸንን ነው። አሮጌ መሣሪያ ዋጋ የሚኖረው ማንነቱ ሲታወቅ ነው፤ ታሪኩ ከጠፋበት ግን ብርቅ የሆነውም በተራ ዕቃ ዋጋ ይሄዳል።

ይህ ጉዳይ እዚህ ኮሎራዶ ላለ የዴንቨርና የአውሮራ ነዋሪ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ግራና ቀኝ ባሉት ፓውን ሾፖች፣ ቅዳሜ ጠዋት በየሰፈሩ በሚከፈተው የእስቴት ሴል፣ አያት ሲያርፉ ልጆች በሚያጸዱት ምድር ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ የማንዶሊን ሣጥን መገኘቱ የተለመደ ነው። ያገኘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የያዘውን አያውቅም። ለማወቅ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ማንዶሊን የኔፕልስ ልጅ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቪናቻ ቤተሰብ ባለሙያዎች የሠሯቸው ጀርባቸው እንደ ቅል የጎበጠ መሣሪያዎች ዛሬም በሙዚየም አሉ። ስምንት ክሮች አሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ አራት ጥንድ ይሠራሉ፤ ቅኝቱ ከቫዮሊን ጋር አንድ ነው። ወደ አሜሪካ ፍቅሩን ያጋባው በ1880 ኒው ዮርክ የደረሰው የስፔን ተማሪዎች የሙዚቃ ጓድ ነበር። የሚገርመው ጓዱ ይጫወትበት የነበረው ባንዱሪያ የሚባል የስፔን መሣሪያ እንጂ ማንዶሊን አልነበረም፤ አድማጩ ግን ልዩነቱን አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሠላሳና አርባ ዓመታት በአሜሪካ ከተሞች የማንዶሊን ክበብ ያልነበረበት ኮሌጅ ወይም ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ያስቸግር ነበር። ክበቦቹ እንደ ኦርኬስትራ ሁሉንም ድምፅ ስለፈለጉ ቤተሰቡ ተስፋፋ፤ በቫዮላ ልክ ማንዶላ፣ በቼሎ ልክ ማንዶቼሎ፣ ቆመው የሚጫወቱት ግዙፍ ማንዶ ባስ ሳይቀር ተሠራ።

ለገበያው ሁሉን የለወጠው የካላማዙ፣ ሚሺጋን ነዋሪ ኦርቪል ጊብሰን ነው። የማንዶሊንን ጀርባ ከቀጫጭን ሰሌዳ አጉብጦ ከመገጣጠም ይልቅ፣ ፊትና ጀርባውን እንደ ቫዮሊን ከወፍራም እንጨት ቀርጾ ማውጣትን መረጠ፤ በ1898 የፈጠራ መብት ተሰጠው። በ1902 የአካባቢው ነጋዴዎች በስሙ ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው የሙዚቃ መምህራንን ወኪል አድርጎ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ይሸጥ ስለነበር፣ ማንዶሊኖቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ትንንሽ ከተሞች ሳይቀር ተበተኑ። በኮሎራዶ ምድር ቤቶች ዛሬም ብቅ የሚሉት ከእነዚሁ ወገን የሆኑ ናቸው።

ቀጥሎ ሎይድ ሎር መጣ። ሎር ራሱ ማንዶሊን ተጫዋች፣ የድምፅ ሳይንስ ያጠና ሰው ነበር። በ1919 ወደ ጊብሰን ገብቶ በ1924 መጨረሻ ወጣ። በ1922 ያስተዋወቀው ኤፍ-5 የተባለ ማንዶሊን በሞላላው የድምፅ ቀዳዳ ፈንታ እንደ ቫዮሊን ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንገቱ ረዝሟል፤ ከፊቱ ሥር የተጣበቁት ሁለት የእንጨት ዘንጎች ድምፃቸው እየተለካ ተሞርደዋል። ሎር የተቀበለውን መሣሪያ ቀን ጽፎ ይፈርምበት ነበር። የሞንሮው ማንዶሊን ላይ የሠፈረው ቀን ጁላይ 9፣ 1923 ነው። የሚያሳዝነው ጊዜው አለፈበት፤ አገሩ ወደ ጃዝና ወደ ባንጆ ዞሮ ነበርና ኤፍ-5 እንደታሰበው አልተሸጠም፤ ሎርም ሥራውን ትቶ ሄደ። በ1943 ሲሞት የሠራው ማንዶሊን ዝናው ገና አልወጣም ነበር። ዛሬ የእሱ ፊርማ ያለበት ኤፍ-5 በደህና ይዞታ ከተገኘ ከ100 ሺሕ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ብርቅ መሆንና ውድ መሆን አንድ አይደሉም። በዚያው ዘመን ሎር የፈረመባቸው ኤች-5 ማንዶላና ኬ-5 ማንዶቼሎ ከኤፍ-5 እጅግ በጣም ያነሱ ናቸው፤ በሕይወት የተረፉት ማንዶቼሎዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብርቅነት ብቻ ቢወስን ኖሮ ከኤፍ-5 ብዙ እጥፍ ባወጡ ነበር። ነገር ግን ብሉግራስ የሚጫወተው ሰው የሚፈልገው ማንዶሊን ነው፤ ማንዶቼሎ የሚገዛው ሰብሳቢና ጥቂት ተጫዋች ስለሆነ ሻጩ ተስማሚውን ገዥ ለዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ1890ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በገፍ የተመረቱት ጎባጣ ማንዶሊኖች ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥረውም አብዛኞቹ ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፉም። የሮማው ሉዊጂ ኤምበርገር የሠራው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አያወጣም።

ታዲያ ገማቹ ምን ያያል? መጀመሪያ በድምፅ ቀዳዳው አጮልቆ ወረቀቱን ያነብባል፤ የሞዴሉና የተከታታይ ቁጥሩ ጽሑፍ እዚያ ነው። በአንገቱ ሥር ባለው የውስጥ እንጨት ላይ የታተመ የፋብሪካ ቁጥር ካለ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ወረቀቱ ከሌላ መሣሪያ መጥቶ ይሆናልና ይጠነቀቃል። ከዚያ መቃኛዎቹ፣ ክሩን ፊቱ ላይ የሚሸከመው ብርኩማ፣ ክሩን ከግርጌ የሚይዘው ብረት፣ ሣጥኑ ጭምር የመጀመሪያዎቹ መሆናቸውን ያጣራል። በጥቁር (አልትራቫዮሌት) መብራት ሥር ቀለሙን ያያል፤ አሮጌ ቫርኒሽና በኋላ የተቀባ ቀለም በዚያ ብርሃን አንድ ዓይነት አያበሩም። ይህ የመጨረሻው ዋናው ነው። ቀለሙ ተፍቆ እንደ አዲስ የተቀባ መሣሪያ ዋጋው ወደ ግማሽ ይወርዳል ማለት በነጋዴዎቹ ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ያገኙትን ማንዶሊን አይወልውሉት፣ አይቀቡት፣ የተሰነጠቀውን በቤት ሙጫ አያጣብቁት፣ የወለቀ ቁራጭ ካለም በፖስታ አሽገው ከሣጥኑ ጋር ያኑሩት። በደግ ልብ የተደረገ ጽዳት ያጠፋው ገንዘብ ስርቆት ካጠፋው አያንስም ብዬ አምናለሁ።

ዴንቨር የራሷ ፈተና አላት። ከተማዋ 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብትልም አየሯ እጅግ ደረቅ ነው፤ በክረምት ማሞቂያው ሲበራ ቤቱ የባሰ ይደርቃል። በሚሺጋን እርጥበት የተሠራ ቀጭን የስፕሩስ እንጨት እዚህ ሲደርስ ይሸበሸባል፤ ፊቱ በመጋጠሚያው ይሰነጠቃል፣ አለያም ከብርኩማው ሥር ይሰረጉዳል፤ አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ፍሬቶች ጫፍ ከአንገቱ ዳር ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ለእንጨት የሚመከረው የእርጥበት መጠን ከ45 እስከ 50 በመቶ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ትንሽ የእርጥበት መለኪያና ማርጠቢያ ማስቀመጥ የጥቂት ዶላር ወጪ ነው። ክሩንም ሳያላሉ ለዓመታት መተው አይገባም፤ ስምንት የብረት ክር ሲወጠር ፊቱን ሌትና ቀን ይጫነዋል።

በዚህች ከተማ አሮጌ መሣሪያ ትርጉም እንዲኖረው ካደረጉት ሰዎች አንዱ ሃሪ ተፍት ነው። ከፊላደልፊያ መጥቶ በ1962 በኢስት 17ኛ ጎዳና የዴንቨር ፎክሎር ማዕከልን ከፈተ። ማዕከሉ የሱቅና የመንደር ማኅበር ቅልቅል ነበር፤ መሣሪያ ይሸጥበት፣ ይጠገንበት፣ ይማሩበት፣ ማታ ማታ ይዘፈንበት ነበር። ስዋሎ ሂል የተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1979 የተወለደው ከዚያው ማኅበረሰብ ነው። ቲም ኦብራየን ማንዶሊን የሚጫወትበት ሆት ራይዝ የተባለው ቡድንም በ1978 ከዚሁ ክበብ ወጣ። ተጫዋች ባለበት ጠጋኝ ይኖራል፣ ጠጋኝ ባለበት ዕውቀት ይኖራል። ለሻጭ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ መሣሪያውን በአካል ይዞ ሄዶ በእጁ የሚዳስስ ሰው ማግኘት ከፎቶ ግምት ይሻላል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማንዶሊን ባዕድ አይደለም። የዘመናዊው ሙዚቃችን ወዳጅ ማንዶሊን ሲባል አየለ ማሞን ያስታውሳል፤ በእሱ እጅ መሣሪያው ቅኝታችንን ተቀብሎ ለዘፈኑ መሪ ድምፅ ሆነ። ታሪኩን የያዘ ዕቃ ዋጋው ምን እንደሚሆን ደግሞ እዚሁ ዴንቨር ውስጥ ምስክር አለን። በወልዲያ የተወለዱት አያሌው መስፍን ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር በ1970ዎቹ ሸክላ ያስቀረጹ ድምፃዊ ናቸው። ደርግ አሰራቸው፤ ከዚያም ለ13 ዓመት እንዳይዘፍኑ ታገዱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ መጥተው ኑሯቸውን በዚህ ከተማ አደረጉ። በ2018 ናው አጌን የተባለው የሎስ አንጀለስ አሳታሚ የድሮ ሥራዎቻቸውን ሰብስቦ «ሐሳቤ» በሚል ርእስ በሸክላ አወጣላቸው። ለዓመታት ማንም ያልጠየቃቸው ትንንሽ ሸክላዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች በጨረታ የሚሻሙባቸው ናቸው። አምሐ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ከ100 የሚበልጡ ነጠላ ሸክላዎችም ዕጣቸው ይኸው ሆነ። ከዘመድ ሻንጣ ውስጥ የተገኘውን ማንዶሊንም ሆነ ሸክላ ከመጣል በፊት የቤቱን ሽማግሌ ከማን እጅ እንደመጣ መጠየቅና የሚሉትን በቀንና በስም መጻፍ ያስፈልጋል። ያ ወረቀት የዕቃው አካል ነው።

ወደ ሽያጩ ስንመጣ፣ ግምት ስንል የቱን ግምት ነው የሚለው መለየት አለበት። ለኢንሹራንስ የሚጻፈው ዋጋ ዕቃው ቢጠፋ ተመሳሳዩን ከሱቅ ለመግዛት የሚያስፈልገው ስለሆነ ከሁሉም ከፍ ይላል። ሁለት ፈቃደኛ ሰዎች ሳይቸኩሉ የሚስማሙበት የገበያ ዋጋ ከዚያ ዝቅ ይላል። ነጋዴ ዛሬውኑ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚሸጥበት ግማሽ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ነጋዴው አጭበረበረ ማለት አይደለም፤ ያስጠግናል፣ ያስቀምጣል፣ ዋስትና ይሰጣል። ጊዜ ያለው ሻጭ በአደራ አስቀምጦ ሲሸጥ ለሱቁ ኮሚሽን ከፍሎ የበለጠ ያገኛል፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ዝቅተኛው የመሸጫ ዋጋ፣ የቆይታው ጊዜና ዕቃው በሱቁ ሳለ ኢንሹራንሱን የሚከፍለው ይገለጽበት። ግምቱን የሚጽፈው ሰውና የሚገዛው ሰው አንድ ባይሆኑ ይመረጣል። የናሽቪሉ ነጋዴ ጆርጅ ግሩን ከዋልተር ካርተር ጋር ያዘጋጀው የአሮጌ ጊታሮች መለያ መጽሐፍ ማንዶሊንንም ይዟልና ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ማየት አይከፋም።

ሁለት የሕግ ነገሮች ሳይነሱ መታለፍ የለባቸውም። የድሮ የጣሊያን ማንዶሊኖች ፊት ላይ የተለጠፈው ነጠብጣብ ሰሌዳ እውነተኛ የባሕር ኤሊ ልባስ ሊሆን ይችላል፤ የዝሆን ጥርስም ይገኝባቸዋል። ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን ከሚጠብቀው ከ1973ቱ የአሜሪካ ሕግ ወዲህ እነዚህን ከጠቅላይ ግዛት ጠቅላይ ግዛት መሸጥና ወደ ውጭ መላክ የተገደበ ነው፤ ከ100 ዓመት በላይ ለሆነው ልዩ ፈቃድ ቢኖርም ዕድሜውን ማስረዳት የባለቤቱ ፋንታ ነው። ሁለተኛው ግብር ነው። መሣሪያው በውርስ የመጣ ከሆነ ትርፉ የሚሰላው አያት በገዙበት ዋጋ ሳይሆን ባረፉበት ቀን በነበረው ዋጋ ነው፤ ስለዚህ የዚያን ጊዜ ግምት በጽሑፍ መያዝ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ከአንድ ዓመት በላይ ተይዞ የተሸጠ የስብስብ ዕቃ ትርፍ ላይ የፌዴራሉ ግብር እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

የሎር ማንዶሊኖችን የሚከታተሉ ወዳጆች በየቁጥራቸውና በየፈረመበት ቀን ይመዘግቧቸዋል። መዝገቡ አልተዘጋም፤ ከየቤቱ ጓዳ አሁንም አልፎ አልፎ ያልታወቀ አንድ ይወጣል። ኤፍ-5 የሚመስል የገጠመው ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ በሁለቱም ቀዳዳ ይመልከት፤ የሎር ከሆነ በአንዱ የሞዴሉና የቁጥሩ ወረቀት፣ በሌላው የሎር ስምና ቀን አለ።