አረንጓዴ ጣሪያ በደረቅ አገር፦ ውሃው ከየት ይመጣል?

በትግራይና በኤርትራ ደጋማ ስፍራዎች የሚገኙ ነባር የህድሞ ቤቶች ጣሪያቸው በእንጨት ርብራብ ላይ የተደለደለ አፈር ነው። ክረምት ሲገባ ሣር ያበቅላል። ዝናቡ ሲያበቃ ሣሩ ይደርቃል፤ አፈሩ ግን ቤቱን ቀን ከፀሐይ፣ ሌሊት ከብርድ መከለሉን አያቋርጥም።

ዛሬ “አረንጓዴ ጣሪያ” የሚባለው አሠራር በመሠረቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ዘመናዊው ስልት ከ1970ዎቹ ወዲህ በተለይ በጀርመን የዳበረ ሲሆን፣ የካናዳዋ ቶሮንቶ ደግሞ እአአ በ2009 ባወጣችው ደንብ በትልልቅ አዳዲስ ሕንጻዎች ላይ ግዴታ አድርጋው ነበር። እነዚህ አገራት ግን ዝናብም ሆነ በረዶ ዓመቱን ሙሉ አይለያቸውም። እንደ ጅቡቲ፣ ካርቱም ወይም ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ለሰው በቅጡ ያልተዳረሰ ውሃ ለጣሪያ ከየት ይገኛል?

የውሃው ሂሳብ

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) መመሪያ እንደሚያመለክተው፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚያልፍ ደረቅ የሐሩር አካባቢ በሚገባ ውሃ የሚጠጣ ሣር በቀን በአማካይ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውሃ በትነት ያጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ነው። ስለዚህ 20 ካሬ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው የጣሪያ ሣር በቀን ከ120 እስከ 160 ሊትር ይፈልጋል።

የተባበሩት መንግሥታት አንድ ሰው ለመሠረታዊ ፍላጎቱ በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ እንደሚያስፈልገው ይገልጻል። በቧንቧ ውሃ የሚለመልም ያ ትንሽ ሣር እንግዲህ ከአንድ ሰው ድርሻ በላይ ይጠጣል ማለት ነው። በደረቅ አገር የጣሪያ ልማት ትርጉም የሚኖረው ውሃ የሚቆጥቡ ዕጽዋት ሲመረጡና ውሃው አንድ ጊዜ አገልግሎት የሰጠ ሲሆን ነው።

ሁለት ጊዜ የሚያገለግል ውሃ

ከመታጠቢያ ቤት፣ ከእጅ መታጠቢያና ከልብስ አጠባ የሚወጣው ውሃ ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ተለይቶ ከተሰበሰበ በአሸዋና በጠጠር ተጣርቶ ለዕጽዋት ሊውል ይችላል። የወጥ ቤት ውሃ ግን ቅባትና የምግብ ትራፊ ስለሚበዛበት ለዚህ አይመችም።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮችም አሉ። የተሰበሰበው ውሃ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ መሽተትና ተህዋሲያን ማራባት ይጀምራል። በዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ሶዲየም ቀስ በቀስ በአፈሩ ውስጥ ተከማችቶ ሥሮችን ይጎዳል፤ በረኪና ያለበት ውሃም ከነጭራሹ መጨመር የለበትም። ዝናብ በሚጥልበት ወቅት አፈሩ በደንብ እንዲታጠብ ማድረግ የጨው ክምችቱን ይቀንሳል።

ውሃውን ከላይ ከመርጨት ይልቅ ከአፈሩ ሥር በተዘረጋ የጠብታ መስመር ማድረስ ትነትን ይቀንሳል፤ ሰዎችም ከውሃው ጋር እንዳይነካኩ ይረዳል። በጥሬው የሚበሉ ቅጠሎችን በዚህ ውሃ ማልማት ግን አይመከርም።

እንደ ጅቡቲ ባሉ ሙቀትና እርጥበት በተዋሃደባቸው የባሕር ዳር ከተሞች ሌላም ምንጭ አለ። የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ከአየር ላይ የሚያጠነፍፉት ውሃ ብዙውን ጊዜ በየግድግዳው ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል። ይህ ውሃ ለመጠጥ ባይሆንም ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ በመሆኑም ከልብስ አጠባ ውሃ ጋር ሲደባለቅ ጨውነቱን ያቀልለታል።

ከፍርስራሽ የሚሠራ አፈር

አረንጓዴ ጣሪያ ተደራራቢ ነው። ከታች ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ፣ በላዩ ሥር የሚከለክል ሽፋን፣ ቀጥሎ ትርፍ ውሃ የሚያስወግድ ንብርብር፣ ከዚያ ማጣሪያ ጨርቅ፣ በመጨረሻም አፈርና ዕጽዋት ይቀመጣሉ።

ከእነዚህ ብዙዎቹን ከተጣለ ነገር ማዘጋጀት ይቻላል። ከፈረሰ ቤት የተገኘ ጡብ ሲፈጭ በቀዳዳዎቹ ውሃ ይዞ ያቆያል። የተፈጨ ኮንክሪት ግን የአፈሩን ኖራማነት ስለሚጨምር መጠኑ ሊገደብ ይገባል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚገኘው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ክብደት ይቀንሳል። ከእነዚህ ጋር ጥቂት ብስባሽ ይቀላቀላል። ብስባሹ ከበዛ አፈሩ ከጊዜ በኋላ እየሰመጠ ይሄዳል።

ለተክል ደግሞ እሬትና ወፍራም ቅጠል ያላቸው መሰሎቹ ተመራጭ ናቸው። አብዛኞቹ የቅጠላቸውን ቀዳዳ የሚከፍቱት በሌሊት በመሆኑ ቀን ብዙ ውሃ አያጡም። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳምም ጥም ይችላሉ።

ጣሪያው ይሸከመዋል?

ስስ የሚባለው፣ አፈሩ ከ15 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ አረንጓዴ ጣሪያ እንኳ ውሃ ሲጠግብ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል። የቆርቆሮ ክዳን ይህን አይችልም። የኮንክሪት ሶሌታም ቢሆን ጭነቱ በመሐንዲስ ሳይሰላ፣ ውሃ አለማሳለፉም ሳይፈተሽ አፈር ሊጫንበት አይገባም። ጣሪያው ካልቻለ፣ ዓላማውም ቤቱን ማቀዝቀዝ ብቻ ከሆነ፣ ነጭ ቀለም መቀባት በጣም ርካሽ አማራጭ ነው።

የሚችል ጣሪያ ያለው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ እንዲሆን መጠበቅ የለበትም። አፈሩ ደረቅም ሳለ ፀሐይዋ ኮንክሪቱን በቀጥታ እንዳትመታው ያግዳል፤ ከላይኛው ፎቅ የሚኖረውም ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በበጋ ቡናማ ሆኖ በክረምት የሚያገግም ጣሪያ፣ እንደ ህድሞው ሁሉ፣ ከአካባቢው የዝናብ ልክ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ጣሪያ ነው።