ሆርሞን ያለው ሉፕ፦ ከመምረጥዎ በፊትና ካስገቡ በኋላ ማወቅ ያለብዎት

ሉፕ በማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ ነው። ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ መዳብ የተጠቀለለበት ሲሆን ሌላው ሆርሞን የያዘ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ነው።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ አካባቢ በሐኪምነት ስሠራ ስለዚህ ሉፕ ሊያማክሩኝ ከመጡ ሴቶች "እርግዝና ይከላከላል ወይ?" ብለው የጠየቁኝ ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ የሚጠይቁት "ደሙ የት ይሄዳል?"፣ "መሃን ያደርገኛል?"፣ "ባለቤቴ ይታወቀዋል?" ብለው ነው። ጊዜው ሳይደርስ ለማስወጣት ከመጡት መካከልም አብዛኞቹ ያሳሰባቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ያዩት የደም ለውጥ ነበር። ይህ ለውጥ የሚጠበቅ መሆኑን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ አንዳንዶቹ ይታገሱት፣ አንዳንዶቹም ከመጀመሪያው ሌላ መከላከያ ይመርጡ ነበር። ሁለቱም ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ሉፑ የላቲኑን "ቲ" ፊደል የሚመስል፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ግንዱ ላይ ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን ይዟል። በስፋት የሚታወቀው ሚሬና 52 ሚሊ ግራም ሆርሞን ሲኖረው፣ መጀመሪያ ላይ በቀን 20 ማይክሮ ግራም ገደማ ይለቃል፤ መጠኑ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል።

ሆርሞኑ በማህፀን አንገት ያለውን ፈሳሽ ስለሚያወፍረው የወንዱ ዘር ማለፍ ይቸግረዋል። የማህፀንን የውስጥ ግድግዳም ያሳሳል። አብዛኞቹ ሴቶች ላይ እንቁላል መውጣቱ ይቀጥላል። የተጀመረ እርግዝናን የሚያስወርድ መድኃኒት አይደለም።

በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ተጠቃሚዎች የሚያረግዙት ከ1 ያነሱ ናቸው። ለማነጻጸር፣ በተለመደው አጠቃቀም በየ3 ወሩ በሚሰጠው መርፌ 4 ያህል፣ በየቀኑ በሚዋጠው እንክብል ደግሞ 7 ያህል ሴቶች ያረግዛሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ቀጠሮ በማለፉና እንክብል በመረሳቱ ነው። ሉፕ ላይ የሚረሳ ነገር የለም።

ከኤችአይቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች ግን አይከላከልም። ለዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል።

መዳቡ ወይስ ሆርሞኑ?

የመዳቡ ሉፕ ምንም ሆርሞን የለውም፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ያገለግላል። የወር አበባ በየወሩ መምጣቱን ይቀጥላል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ደሙም ቁርጠቱም ሊጨምር ይችላል። የሆርሞኑ ሉፕ ደሙን ይቀንሳል። ስለዚህ የወር አበባቸው ብዙ ለሆነ፣ የደም ማነስ ላለባቸው ወይም የወር አበባ ሕመም ለሚያስቸግራቸው ሴቶች መከላከያም ሕክምናም ይሆናል። በየወሩ ደም ማየት የሚያረጋጋዎት ከሆነ ግን መዳቡ ሊስማማዎት ይችላል።

ሚሬና ለእርግዝና መከላከያ እስከ 8 ዓመት ያገለግላል። ለብዙ ዓመታት 5 ዓመት ይባል ስለነበር ካርድዎ ላይ 5 ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ዓይነቶች ከ3 ዓመት ጀምሮ የተለያየ ጊዜ አላቸው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ በስሙ ይጠይቁ።

በአገራችን ሉፕ የሚጠቀሙ ሴቶች ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 27 በመቶው መርፌ፣ 9 በመቶው በክንድ ሥር የሚቀበረውን፣ 2 በመቶው ብቻ ሉፕ ይጠቀሙ ነበር። ስለዚህ ጎረቤትዎ ስለ ሉፕ የምትነግርዎት ነገር የራሷ ተሞክሮ ሳይሆን የሰማችው ሊሆን ይችላል።

በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። እዚያ በብዛት የሚገኘው ግን የመዳቡ ሉፕ ነው። የሆርሞኑን ከፈለጉ ከመሄድዎ በፊት መኖሩንና ዋጋውን ይጠይቁ። "ሉፕ አለ" ከተባሉም "የትኛው?" ብለው ያረጋግጡ።

ማን ሊጠቀም ይችላል?

አብዛኛዋ ሴት ልትጠቀም ትችላለች። ያልወለደችም፣ ያላገባችም፣ ጡት የምታጠባም፣ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል የተከለከለችም ትችላለች። ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ ማስገባት ይቻላል።

ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩና መድኃኒታቸውን ወስደው ጤናቸው የተረጋጋ ሴቶችም ይጠቀማሉ። አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችና ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ሊያዳክሙ ይችላሉ። የሉፑ ሆርሞን የሚሠራው እዚያው ማህፀን ውስጥ ስለሆነ አያዳክሙትም።

የሚከተሉት ካሉ ግን አሁን አይገባም፦

- እርግዝና ወይም የእርግዝና ጥርጣሬ
- የጡት ካንሰር
- ምክንያቱ ያልታወቀ ከማህፀን የሚመጣ ደም
- አሁን ያለ የማህፀን ወይም የማህፀን አንገት ኢንፌክሽን
- ሕክምና ያልተጀመረለት የማህፀን በር ካንሰር
- የማህፀንን ቅርጽ ያዛባ ዕጢ ወይም የተፈጥሮ ቅርጽ ችግር

ከባድ የጉበት በሽታ ካለብዎትም አስቀድመው ይናገሩ።

የሚገባበት ቀን

የወር አበባዎ በጀመረ በ7 ቀን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ ይከላከላል። ከዚያ በኋላ ከሆነ እርጉዝ አለመሆንዎ ተረጋግጦ ሊገባ ይችላል፤ ለቀጣዮቹ 7 ቀናት ግን ኮንዶም ይጠቀሙ ወይም ከግንኙነት ይቆጠቡ።

ባለሙያው በመጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በመመልከቻ መሣሪያ ይመረምርዎታል። የማህፀን አንገትን ያጸዳል፣ የማህፀኑን ጥልቀት ይለካል፣ ከዚያ ሉፑን በቀጭን ቱቦ ያስገባል። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ሕመሙ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዷ "እንደ ወር አበባ ቁርጠት ነው" ስትል ሌላዋ በጣም አሞኛል ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሕመም ማስታገሻ አስቀድመው መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። በባዶ ሆድ አይሂዱ፤ በጾም ወቅት ከሆነም ለባለሙያው ይንገሩ። ካመመዎት "ይቁም" ማለት ይችላሉ። ሲያበቃ ቶሎ አይነሱ፤ አንዳንድ ሴት ለጥቂት ጊዜ ይዞርባታል። የሚቻል ከሆነ ቀሪውን ቀን ይረፉ፤ በተለይ በሆቴልና በምግብ ቤት ቆመው ውለው የሚያመሹ ከሆነ ለዚያ ቀን ፈረቃ ቢቀይሩ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁርጠትና ትንሽ ደም ይኖራል። ከዚያ ከ3 እስከ 6 ወር ድረስ ደሙ ጊዜውን ሳይጠብቅ ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ለቀናት ሊቆይ፣ ጠፍቶም ሊመለስ ይችላል። ሴቶችን የሚያሰለቻቸው ይህ ጊዜ ነው። ቀለል ያለ ሞዴስ ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ፤ ደም ያዩበትንም ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። በ3ኛው ወር ሲያዩት እየቀነሰ ይሁን አይሁን በግልጽ ይለያሉ።

ከ6 ወር በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ደሙ አጭርና ትንሽ ይሆናል። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ከ5 ተጠቃሚዎች የአንዷ ያህል የወር አበባ ጭራሽ ይቀራል።

ታዲያ ደሙ የት ይሄዳል? የትም አይሄድም፤ አልተሠራም። የወር አበባ ማለት በየወሩ የሚወፍረው የማህፀን የውስጥ ግድግዳ ሲፈርስ የሚወጣው ነው። ሉፑ ግድግዳውን ስላሳሳው የሚፈርስ ነገር የለም። ውስጥ የሚጠራቀም፣ ወደ ጭንቅላት የሚወጣ ወይም ዕጢ የሚሆን ደም የለም። እርግዝና ይሆን ብለው ከሰጉ ግን የሽንት ምርመራ ያድርጉ።

አንዳንድ ሴቶች የራስ ምታት፣ የጡት ሕመም፣ ብጉር ወይም የስሜት መለዋወጥ ያያሉ። ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ይቀንሳሉ። ካልቀነሱና ኑሮዎን ካወኩ "ልታገሰው" ብለው አይቅሩ፤ ይመለሱና ይንገሩን።

ደምና የእምነት ሥርዓት

ይህ በምክር ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ጉዳይ ነው፤ ለብዙ ሴቶች ግን ትልቅ ነው። ደም ባዩ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን የማይገቡ፣ የማይቆርቡ ወይም ሶላትና ጾም የሚያቋርጡ ከሆነ የ3 ወር ጠብታ ሞዴስ ከመግዛት ያለፈ ችግር ነው። የልጅ ክርስትና፣ ሠርግ፣ ቁርባን ወይም ረመዳን የቀረበ ከሆነ ቀኑን አስልተው ከዚያ በኋላ ማስገባት ይችላሉ፤ እስከዚያ ሌላ መከላከያ ይሰጥዎታል። እኛ ልንነግርዎት የምንችለው ደሙ ከምን እንደመጣ ነው። ሥርዓቱን የንስሐ አባትዎን ወይም የሃይማኖት መምህርዎን ይጠይቁ። ውሎ አድሮ ደሙ የሚቀንስ መሆኑም በውሳኔዎ ውስጥ ይግባ።

ካርድዎ ከእርስዎ ጋር ይኑር

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ሰፈር ሲቀየር ጤና ጣቢያም ይቀየራል፤ የሕክምና መዝገብዎ ግን አብሮዎት አይሄድም። ሉፕ ዓመታት የሚቆይ ስለሆነ የገባበትን ቀን፣ የሉፑን ስምና የሚወጣበትን ዓመት የያዘውን ካርድ ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ለሚያምኑት ሰውም ይላኩ።

የዘመን አቆጣጠሩንም ያጣሩ። በእኛና በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 7 ወይም 8 ዓመት ነው፤ የአንድ ሉፕ ዕድሜ ያህል ማለት ነው። ለምሳሌ ቤሩት ወይም ዱባይ ያስገቡት ሉፕ ካርድ "2025" የሚል ከሆነ በእኛ 2017 ወይም 2018 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር መስሎዎት ቢጠብቁ ጊዜው ያለፈበት ሉፕ ይዘው ዓመታት ይቆያሉ። ካርዱ ላይ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ብለው ያጽፉ።

ክሩና ክትትሉ

ከሉፑ ጫፍ ሁለት ቀጭን ክሮች ወደ ማህፀን አንገት ይወርዳሉ፤ ከሰውነት ውጭ አይታዩም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ለክትትል ይመለሱ። ከፈለጉ እጅዎን ታጥበው በጣትዎ ክሩን መዳሰስ ይችላሉ፤ ግን አይሳቡት።

ባልዎ ክሩ ከተሰማው ባለሙያ ሊያሳጥረው ይችላል። ሉፑ ወደ ልብ ተጉዞ ይሄዳል የሚባለው ልክ አይደለም። እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፦ ከ20 ሴቶች በአንዷ ገደማ ሉፑ በራሱ ሊወጣ ይችላል። በሚገባበት ጊዜ የማህፀንን ግድግዳ መብሳቱ ደግሞ ከ1000 በአንዷ ገደማ ያጋጥማል።

ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና የሚሄዱት መቼ ነው?

- ትኩሳትና የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት
- ክሩ ከጠፋ፣ ከረዘመ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ከዳሰሱ፤ እስኪታዩ ድረስ ኮንዶም ይጠቀሙ
- በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ የሚያርስ ደም ከፈሰሰ
- የእርግዝና ምልክት ካዩ ወይም ምርመራው እርግዝና ካሳየ
- በአንድ ጎን ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ

የመጨረሻው ለነገ የሚባል አይደለም። በሉፕ ላይ ማርገዝ እምብዛም አይታይም፤ ሲያጋጥም ግን እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ማስወጣት መብትዎ ነው

በፈለጉ ጊዜ ማስወጣት ይችላሉ። ጊዜው እስኪያልቅ መጠበቅም ሆነ ምክንያት ማቅረብ የለብዎትም። ባለሙያው ክሩን ይዞ ቀስ ብሎ ይስበዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከማስገባቱ ይቀላል። የመውለድ አቅም ቶሎ ይመለሳል፤ ሉፕ መሃን አያደርግም። ማርገዝ ካልፈለጉ ሌላ መከላከያ ከማስወጣትዎ ቢያንስ 7 ቀን በፊት ይጀምሩ።

ለባልና ለቤተሰብ

ሉፕ ለማስገባት የባል ፈቃድ መስፈርት አይደለም። ቢሆንም ባልየው ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ካወቀ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል። ደሙ ሲንጠባጠብ "አውጪው" ከማለት ይልቅ "ስንተኛ ወርሽ ነው? እየቀነሰ ነው?" ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። እናቶችና እህቶችም፣ የወር አበባዋ ቀረ ብላችሁ አታስደንግጧት።

ለምክር ሲሄዱ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዘው ይሂዱ፦ የትኛው ሉፕ ነው? ስንት ዓመት ያገለግላል? የወር አበባዬ ምን ይሆናል? ማስወጣት ብፈልግ የት ልምጣ? አራቱንም ካልመለሱልዎት ያን ቀን ለመወሰን አይገደዱ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው። ለራስዎ ሁኔታ የሚስማማውን ለመምረጥ የጤና ባለሙያ ያማክሩ።