ስለ ባልና ሚስት ጠብና በልጅ አእምሮ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

በደጋው አገር ባል ሚስቱን ሲደበድብ ሚስቲቱ ኰርፋ ወደ ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች፤ ባልም ሽማግሌ ይዞ ይከተላታል። ሽማግሎቹ ያስክሳሉ፥ ያስታርቃሉ። ይህን ልማድ ስንመረምር ጠቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተመለከተው ሕፃን ከነገሩ ውስጥ አለመቆጠሩን እናያለን። ልጅ ምን ያውቃል ተብሎ ይታለፋል።

በሳንጃና ወደ ሱዳን ወሰን በሚዘልቀው ቆላ ግን ይህም መጠጊያ የሚሳሳ ይመስለናል። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ ከሚወርደው ብዙ ሕዝብ መካከል ትዳር ይዞ በዚያው የሚቀር አለ። ወላጆቿ ሩቅ የሆኑባት ሚስት ኰርፋ የምትሄድበት ቤት የላትም፤ ልጁም የሚሸሸግበት የአያት ጉያ የለውም።

ወደ ሕጉ ስንመለስ፥ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሚስትን መደብደብ ለብቻው የሚመለከት ቁጥር አልነበረውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ፥ ለልጅም ቀላል የሰውነት ቅጣት ፈቅዶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ በአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የወጣው፥ ባልና ሚስትን እኩል አደረጉ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በቁጥር 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ግፍ፥ በቁጥር 576 ልጅን ማንገላታትን ለይቶ ደነገገ፤ ተገቢ የተባለውን የልጅ ቅጣት ግን ሳይነካው አልፏል። የእናቱን መደብደብ ቆሞ የሚያየው ልጅ ከሁለቱ ቁጥሮች በየትኛው እንደሚገባ ፈልገን አላገኘንም።

ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው። በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሳንዲያጎ 9,508 ሰዎች ተጠይቀው በወጣው ጥናት፥ በእናት ላይ የሚደርስ ድብደባ ከሰባቱ የልጅነት መከራዎች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። አራትና ከዚያ በላይ መከራ ያገኛቸው ሰዎች ምንም ካላገኛቸው ይልቅ ለስካር፥ ለመንፈስ ጭንቀትና ራስን ለመግደል ሙከራ ከ4 እስከ 12 እጥፍ ተጋልጠው ተገኙ። የሳንዲያጎ ሰው ለሳንጃ ሰው ሚዛን ነው አንልም፤ ፍርሃት ግን አገር አይለይም። ሕፃኑ ጠቡ በእኔ ምክንያት መጣ ብሎ ራሱን ይወቅሳል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ መኝታው ላይ ይሸናል። በትምህርት ቤት ዝም ሲል መምህሩ ጨዋ ልጅ ነው ብሎ ያመሰግነዋል፤ በዚህም እኛ ራሳችን ብዙ ጊዜ ሳንሳሳት አልቀረንም።

በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከወንዶች 28 በመቶ፥ ከሴቶች ግን 63 በመቶ የሚሆኑት ባል ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። አንባቢን የሚያስደንቀው የሴቶቹ መብለጥ ነው። እኛ እንደምንገምተው ከነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ መልሱን የተማሩት ከማግባታቸው በፊት፥ በምድጃው ጥግ ተቀምጠው እናታቸው ስትመታ ሲያዩ ነው።