ከዓባይና ከኤፍራጥስ ዳር የመጣ ቁጥር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጳጉሜን ለምን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ እንደ ሆነች፣ በባሕረ ሐሳብም አንዱ ዕለት ለምን በ60 ኬክሮስ እንደሚከፈል ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? መልሱን ስንፈልግ ሁለት ጥንታውያን ሕዝቦችን እናገኛለን፤ እነርሱም ግብፃውያንና ባቢሎናውያን ናቸው። ከመካከላችን ዓለማዊ ትምህርት ከእምነት ያርቃል ብሎ የሚሰጋ አለ፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ደግሞ አማኝ ሰው ለሳይንስ ጀርባውን የሰጠ ነው የሚል ያጋጥመናል። የእነዚህ ሕዝቦች ታሪክ ለሁለቱም መልስ አለው።

አስቀድመን ግብፅን እንመልከት። የግብፅ እርሻ በዓባይ ሙላት የሚኖር ነበርና ወቅቱን ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነበር። ሲርየስ የተባለችው ደማቅ ኮከብ ከተሰወረችበት ተመልሳ ንጋት ላይ በምሥራቅ ስትታይ የሙላቱ ጊዜ መቃረቡን ያውቁ ነበር። ዓመቱን በ12 ወራት፣ እያንዳንዱንም ወር በ30 ቀናት ከፍለው በመጨረሻ 5 ቀናት ጨመሩበት። ንጉሥ በጥሊሞስ ሣልሳዊ በ238 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን እንዲጨመር ቢያዝም ትእዛዙ ሳይጸና ቀረ፤ በሥራ ላይ የዋለው በሮማዊው አውግስጦስ ቄሣር ዘመን ነው። የእኛ ጳጉሜን ከዚህ የመጣች ናት፤ ስሟም «የተጨመሩ» ከሚል የግሪክ ቃል የተገኘ ነው።

ግብፃውያን በስሌትም የበረቱ ነበሩ። በ1550 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ አሕሜስ የተባለ ጸሐፊ ከርሱ ዘመን ከቀደመ ጽሑፍ በደንገል ላይ የገለበጠው የሒሳብ መጽሐፍ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። በውስጡ እንጀራ ለሠራተኞች ስለ ማካፈል፣ ስለ እህል ጎተራና ስለ ፒራሚድ ተዳፋት የሚጠይቁ ጥያቄዎች አሉ። ወገቡ 9 የሆነ ክብ መሬት ስፋቱ ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ፣ ከ9 አንዱን ቀንሰህ 8ን በ8 አባዛ ይላል፤ 64 ይሆናል። የዛሬው ስሌት የሚሰጠን 63.6 ገደማ ነው።

ከኤፍራጥስ ዳር ደግሞ ባቢሎናውያን በእርጥብ ሸክላ ላይ በሽብልቅ ቅርጽ ይጽፉ ነበር። የቁጥራቸው መሠረት 60 ነው። 60 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10፣ ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላልና ለሚዛንና ለንግድ ይመቻል። ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ የሸክላ ሰሌዳቸው ጎኑ 1 የሆነ ካሬ ሰያፉ ስንት እንደ ሆነ እስከ አምስተኛው የነጥብ ቤት በትክክል ያሳያል። ጨረቃንም በትጋት እየተከታተሉ 235 የጨረቃ ወራት ከ19 የፀሐይ ዓመታት ጋር እንደሚገጥሙ ዐወቁ፤ ከ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮም የዘመን አቆጣጠራቸውን በዚህ አጸኑ።

የሁለቱ ሕዝቦች ዕውቀት በግሪኮች በኩል በእስክንድርያ ተገናኘ። በ2ኛው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት በዚያ የኖረው የከዋክብት ሊቅ በጥሊሞስ የግብፅን ዓመትና የባቢሎንን የ60 ክፍልፋይ በአንድነት ተጠቅሟል። የቅዱስ ማርቆስ መንበር ያለባት ይህች ከተማ የትንሣኤን በዓል የመቀመር ማእከል ሆነች። በትውፊታችንም ባሕረ ሐሳብ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከቅዱስ ድሜጥሮስ ጋር ይያያዛል። ዛሬ ንዑስ ቀመር የምንለው 19 ዓመት ነው። ኬክሮስም በ60 ካልዒት፣ ካልዒትም በ60 ሣልሲት ይከፈላል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባቢሎናውያን ሰማዩን ሲመረምሩ የንጉሡን ዕድል ለመጠንቆልም ነበር። አባቶቻችን ግን ቁጥሩን ከጥንቆላው ለዩት፤ ጥንቆላውን ትተው ቁጥሩን ለበዓላትና ለአጽዋማት አዋሉት። ይህን መለየት አስቀድመው ያሳዩን ቅዱሳን ናቸው። ሙሴ የግብፅን ትምህርት መቅሰሙን ቅዱስ እስጢፋኖስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ይመሰክራል፤ ነገር ግን ለግብፅ ጣዖታት አልሰገደም። ዳንኤልም የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ተማረ፤ የንጉሡን ሕልም ሲፈታ ግን ምሥጢርን የሚገልጥ በሰማይ ያለ አምላክ መሆኑን ተናገረ።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሒሳብ ወይም የፊዚክስ መጽሐፍ ስትይዙ እምነታችሁን ደጅ ያስቀመጣችሁ አይምሰላችሁ። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ መምህራን በአጥቢያችሁ ካሉም ሂዱና ተማሩ፤ አበቅቴና መጥቅዕን በእጃችሁ አስሉ። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ቁጥርን ፈርታ እንዳልኖረች፣ ይልቁንም ለእግዚአብሔር ምስጋና እንዳዋለችው በራሳችሁ ስሌት ታያላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።